ምራቂ የሌለው ሚዛን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ኩንታል ማንሳቱን ካልተውክ አልተውህም እንዳለ ነው ወይስ ታረቃችሁ? አባባስ? ዓይኑ፣ ጉልበቱ፣ ንዴቱ፣ ሦስቱም ደህና ናቸው? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ መደብሩ፣ መደብሩ ውስጥ የሚፈነጩት አይጦች ሳይቀሩ እንዴት ከረሙ? እኛ እዚህ ለክፉ አይሰጠንም። እማዬም አለች፤ እኔም አለሁ። አለሁ ስልህ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው። ደክሞኛል ጋሼ። እንቅልፍ የሚያወጣው ድካም አይደለም።

ረቡዕ በስልክ የጮህክብኝን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አከራዬም ሰምተዋል። እናቴን አምኜ ብልክልሽ ሕክምናዋን አስተውሻት፣ እዚያ ሆስፒታል የተቀመጥሽው ለጌጥ ነው ወይ አልከኝ። ላስረዳህ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። አንተ ኔትወርክ ነው ትላለህ፤ እኔ ግን የወንድሜን ጣት አውቀዋለሁ። ወረቀት ያነሳሁት ለዚህ ነው። ወረቀት ላይ አትዘጋብኝም።

ሕክምናውን የተወችው ራሷ እማዬ ናት። ማንም አላስተዋትም። ተመለሰች ወይስ አልተመለሰችም የሚለውን ወደ ታች ታገኘዋለህ፤ ጋዜጣ ከመጨረሻው ገጽ የምትጀምር ሰው መሆንህን ስለማውቅ እለምንሃለሁ፣ ዘለህ እንዳታነብ። ከመጀመሪያው ካልያዝከው አይገባህም።

ስትልካት ያልከኝን ታስታውሳለህ? አንቺ እዚያው እያለሽ ለእናታችን እንደ ማንም ሰው ለክተው እንዳይሰጧት፣ ምራቂ አስጨምሪላት ነበር ያልከኝ። ያኔ ሳቅሁ። እህል ነጋዴ ምን ይበል ብዬ ነው የሳቅሁት። አንተ ሚዛኑ እኩል ከሆነ በኋላ አንድ እፍኝ አክለህ ይኼ ከእኔ ካላልክ የሸጥክ አይመስልህም። ሰው ሁሉ ስንቱን መደብር እያለፈ አንተ ጋ የሚመጣው ለዚያች እፍኝ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከጎንህ ቆሜ ጆንያ ይዤልሃለሁ እኮ። አሁን ግን አያስቀኝም።

የእኔን ሥራ እስከ ዛሬ «ሆስፒታል ነው የምትሠራው» እያልክ አልፈኸዋል፤ ዛሬ ልብ ብለህ ስማኝ። የእማዬ ጡት ተቀዶ ከወጣ በኋላ በቦታው የቀረ ክፉ ዘር ካለ በጨረር ይመታል። ጨረሩ ካነሰ በሽታው ይተርፋል፤ ከበዛ ደህናውን ሥጋ፣ ሳንባውን፣ ልቡን ይነካል። በሁለቱ መሃል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት። ዋና ሐኪሟ ይህን ያህል ይሰጣት ብለው ያዛሉ፤ ማሽኑ የታዘዘውን ያህል መስጠቱን የምለካው እኔ ነኝ። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይሞቅም። በልኬት ካላገኘኸው በሌላ በምንም አታገኘውም።

የምንለካው እንዲህ ነው። ውሃ የተሞላ ሳጥን ማሽኑ ሥር እናስቀምጣለን፤ ውሃው በሰው ገላ ፋንታ ነው። ውሃው ውስጥ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል መለኪያ እናስገባለን። የመለኪያዋ ሆድ አየር ነው፤ ጨረሩ ያንን አየር ሲመታው እሷ ትቆጥራለች። አየሩ ስስ ከሆነ ቆጠራዋ ያንሳል፤ ጨረሩ ግን አላነሰም። ስለዚህ በየጠዋቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የአየር ግፊት መለኪያ አንብበን የጎደለውን በሒሳብ እንሞላለን። እማዬ ከመጣች ጀምሮ ድንቹ አልበስል አለኝ እያለች ምድጃዬን ስትራገም በስልክ ሰምተሃት የለ? ምድጃዬ ምንም አላጠፋ። ይህ ከተማ ከእናንተ አገር በጣም ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። የድንቹም የመለኪያዬም ጣጣ አንድ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አልነገርንህም እንጂ በቀደም ትኩሳት ጥሎኝ አልጋ ይዤ ነበር። እማዬ ልታከም መጥቼ አስታማሚ ሆንኩ እያለች ሾርባ ስትግተኝ ሰነበተች። ሆስፒታል የምትሄደው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ነው። ልብስ ሰፊዋ ከእኛ ሰፈር ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ቤት ያላት፣ የእማዬው ዓይነት በሽታ የያዛት ሴት ናት። ተዋወቁና እህትማማች ሆኑ። አውቶቡስ ውስጥ አንዷ የአንዷን ቦርሳ ይዛ፣ የአንዷን ልጅ ሌላዋ እያማች፣ ሲሄዱና ሲመለሱ ያየ ለሽርሽር የወጡ ይመስለዋል።

እኔ በተኛሁበት ሳምንት ሦስት ነገር ተገጣጠመ። ማሽኑ ታሞ ጠጋኝ መጥቶ ዕቃ ቀየረለት። ቀለም ቀቢዎች ክፍላችንን ሲቀቡ የአየር ግፊት መለኪያውን ከግድግዳው አውርደው ጣሉትና ተሰበረ። የእኔን ሥራ ደርቦ የያዘው ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ መብረቁ ነበር። መብረቁ የወጣለት ቅጽል ስም ነው፤ ሁሉን ቶሎ ይጨርሳል። ልቡ ንጹሕ፣ እጁ ፈጣን። መለኪያው ሲሰበርበት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አየር ማረፊያ ደወለ። እዚያ ያሉት ሰዎችም ትሑቶች ናቸው፣ በየጠዋቱ የዕለቱን የአየር ግፊት ይነግሩት ጀመር።

አየር ማረፊያው ለአብራሪ የሚነግረው ቁጥር ግን ከተማው ባሕር ዳርቻ ቢሆን ኖሮ ተብሎ የተስተካከለ ነው። ለአብራሪው የሚጠቅመው እንደዚያ ሲሆን ነው። ለእኛ ግን የሚያስፈልገን እዚያው ክፍል ውስጥ ያለው ስስ አየር ነው። መብረቁ በአየር ማረፊያው ቁጥር ሲያሰላ ማሽኑ የደከመ መስሎ ታየው። ጠጋኙ በዚያው ሰሞን ዕቃ ስለቀየረለት እውነት መሰለው፤ ዕቃ ሲቀየር ትንሽ መዛነፍ ያለ ነው። እናም ያልጎደለውን ሞላው፤ ማሽኑን ከፍ አደረገው።

ቁጭ ብለህ አንብበው ጋሼ። በዚያ ማሽን የታከመ ሰው ሁሉ በአራት ቀን የአምስት ቀን ጨረር ወሰደ። እማዬም አንዷ ናት። አስጨምሪላት ያልከኝ ምራቂ ማንም ሳያስጨምርላት ተጨመረላት።

ከአልጋ ተነስቼ ሥራ የገባሁ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ሚስማሩን ነው። ግድግዳው አዲስ ተቀብቶ ያበራል፤ መለኪያው የለም፤ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። መብረቁን የት ሄደ ብለው ደስ እያለው ነገረኝ፤ እንዳላስቸግርሽ ብዬ እኮ ዘዴ ፈጠርኩ ይለኛል። ልጮህበት ነበር። ፊቱን ሳየው አልቻልኩም፤ ነገሩ ገብቶት ከንፈሩ ደርቋል። የእኔን ሸክም ተሸክሞ ነው የወደቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኛ ግን ከፈሰሰ የማይለቀም ሆነ።

በዚያው ጠዋት ማሽኑን አስቆምኩ። ጎረቤታችን ካለው ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል የግፊት መለኪያ ተውሼ፣ ሳጥኑን ሞልቼ እንደ አዲስ ለካሁ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። ስህተቱ የእኔ እንዲሆን የዚያን ቀን ያህል ተመኝቼ አላውቅም። አልነበረም። ማሽኑን ወደ ልኩ መለስኩና ዋና ሐኪሟ ቢሮ ገባሁ።

እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን እወቅልኝ። ስንቱን ከመቃብር አፋፍ የመለሱ ናቸው። ጭንቅላታቸውን ያዙና ከእያንዳንዱ ሰው ከቀሪው ሕክምና ላይ ቀንሰን እናካክሳለን አሉ። ለታካሚዎቹ ግን አይነገርም። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያውኑ በፍርሃት ነው የሚመጡት፣ ይህን ከሰሙ የሚቀር ይቀራል፣ የቀረ ደግሞ ይሞታል፣ ከጨረሩ ይልቅ የሚገድለው መቅረቱ ነው አሉኝ። ትክክል አይደሉም ማለት አልቻልኩም። ገና ከአልጋ መነሳቴ ነው፣ ደክሞኛል፣ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ለእማዬ ግን መደበቅ አቃተኝ። ራት ላይ ነገርኳት። እጇን ብብቷ ሥር አስገብታ ለካ ለዚህ ነው የሚለበልበኝ አለች። አላለቀሰችም። መብረቁን ትረግማለች ስል ደግሞ፣ ያ ምስኪን እንዴት ሆነ ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ለልብስ ሰፊዋ ነግረሻታል ወይ አለች። አልነገርኩም አልኳት። ታዲያ እኔንስ ለምን ነገርሽኝ አለች። እናቴ ስለሆንሽ አልኳት። እሷም የሰው እናት ናት አለችና ሳህኑን አንስታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ እንደ ልማዷ በር ስታንኳኳ እማዬ አሞኛል ብላ መለሰቻት። በሩ እንደተዘጋ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን በጨው አጥቤ አጠገቧ ልቀመጥ? ስለ ልጆቿ ስታጫውተኝ እኔ የማውቀውን እሷ ሳታውቅ ፈገግ ልበልላት? እዚያ ኮሪደር ያለው ሰው ሁሉ ሳይሰማ እኔ እዚያ አልጋ ላይ አልወጣም አለችኝ። ለመንኳት። አለቀስኩ። ሕክምናው ሲቋረጥ በሽታው ትንፋሽ እንደሚያገኝ፣ እያንዳንዱ ቀን እንደሚጎዳት ነገርኳት። ምንም ሲያቅተኝ ለጋሼ ነው የምደውለው ብዬ አስፈራራኋት። ደውይ፣ እኔው ነኝ የወለድኩት አለችኝ። ይባስ ብላ ራሷ ደወለችልህና ትቼዋለሁ ብላህ ዘጋች። ምክንያቱን ለምን አልነገርሽውም ብላት፣ ይህ በስልክ የሚነገር ነገር ነው ወይ አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ጩኸቱ ለእኔ ደረሰኝ።

ግትርነቷን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። አባባን ለአንድ የጠፋ ጃንጥላ ስንት ጊዜ እንዳኮረፈችው ታስታውሳለህ። እኔ ግን እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ሥራ ላይ ሆኜ የእሷ ተራ ሲደርስ አልጋው ባዶ ይሆናል፤ ልብስ ሰፊዋ እናትሽ ተሻላቸው ወይ ትለኛለች፤ እኔ ወለሉን አያለሁ። ቀን በገፋ ቁጥር በሽታው ሲሮጥ፣ እናቴ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ የእኔን ካልሲ ስትጠግን፣ ምን ልሁን?

ሐሙስ ዋና ሐኪሟ ቢሮ ተመልሼ ገባሁ። እናቴ አልመጣም አለች፣ ምክንያቷም ይኸው ነው ብዬ ነገርኳቸው። ተቆጡ። በእናትሽ ታስገድጅኛለሽ አሉኝ። እኔንም አስገደደችኝ እንጂ ምን ላድርግ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ እሳቸውም እንደ እኔ ደክሟቸዋል ለካ። ንገሪያቸው፣ እኔም አጠገብሽ እቆማለሁ አሉ።

ኮሪደራችን ጠባብ ነው፤ ወንበር ብርቅ ነው፤ ማልዶ ያልመጣ ቆሞ ነው ተራ የሚጠብቀው። አዲሱ ቀለም ገና ይሸታል። ቃላቱን ቤት ስለማመዳቸው ሰንብቼ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ ሲያየኝ አንዱም አልመጣልኝ። በመጨረሻ የድንቹን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ መለኪያው መሰበሩን፣ ከዚያ በአራት ቀን የአምስት ቀን መውሰዳቸውን። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ ከኋላ አንዱ ሲጠይቅ መብረቁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ የእኔ ነው አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ከታካሚዎቹ አንዱ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ የሚቀንስብኝ እንጂ የሚጨምርልኝ አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ያውም ሲጨመርልኝ እዚህ ይጨመርልኝ ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። ልብስ ሰፊዋ አሁን መስተካከሉን በምን አወቅሽ ብላ ጠየቀችኝ። ለክቼ አልኳት። ነገም ትለኪያለሽ አለች። በየጠዋቱ አልኳት። ቀጥላ እናትሽ የቀረችው ለዚህ ነው አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። አዎ አልኳት። ቦርሳዋን አንስታ ተራዬን ጠብቁልኝ ብላ ወጣች።

አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ባለ ኮፍያው እንለዋለን። ጉሮሮውን ነው የታመመው፤ በሹክሹክታ ነው የሚናገረው፤ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እሱ ምንም አልጠየቀኝም። ተነሳ፣ ኮፍያውን አደረገ፣ በአጠገቤ አልፎ ሄደ። አልተመለሰም። ስልኩንም አያነሳም። ዋና ሐኪሟ ነግሬሽ አልነበረም አላሉኝም፤ ወደ ወንበሩ አይተው ወደ ቢሮአቸው ገቡ።

ቀትር ላይ ልብስ ሰፊዋ እማዬን ክንዷን ይዛ እየጎተተች መጣች። ማን ማንን እንደወቀሰ አልነገሩኝም፤ ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል። እማዬ አልጋው ላይ ወጣች። ይኸው ደረስንልህ፤ ተመልሳለች።

አሁን የማትወደውን ልጻፍልህ። ብብቷ ሥር የፈላ ውሃ እንደነካው ቀልቶ በአንድ በኩል ተልጧል። ቅባት ተሰጥቷታል፤ ቆዳው ይድናል ይላሉ። ውስጧን ምን ያህል እንደነካው ግን ዋና ሐኪሟም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም፤ ጊዜ ነው የሚያሳየው። የቀረችባቸው ቀናትም ቀላል አይደሉም። ድናለች ብዬ አልዋሽህም። ነገሩን ለበላይ መሥሪያ ቤት አሳውቀናል፤ መርማሪ ይመጣል፤ እኔንም መብረቁንም የሚሉንን እንሰማለን። መብረቁ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ያሳዝናል። ሌላ አዲስ መለኪያ ተሰቅሏል፤ በሥሩ «ማንም እንዳይነካ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሑፌ እንደ ድሮው ያስጠላል።

ስለ ባለ ኮፍያው እማዬ አላስቀምጥ አለችኝ። ትናንት ቤቱን አፈላልገን ሄድን። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ተኝቷል አለችን፤ ከውስጥ ሳሉ ይሰማል። ልለምናት ስጀምር እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። ወንበሩን ይዘንለታል በይልኝ ብላት ብቻ ተመለስን። እውነትም ይዛለታለች። ከዓርብ ጀምሮ የራሷን ሻርፕ አጣጥፋ የመጨረሻዋ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ሰው ቆሞ እያለ ማንም አይቀመጥባትም፤ ሹፌሩ እንኳን፣ ያ ቂጡ መቀመጥ የማይጠግበው፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ሁለተኛ ምራቂ አስጨምሪላት እንዳትለኝ። ከዚህ በኋላ የምትመኝላት ልኩን ነው። እኔም በየጠዋቱ ያንን ሳጥን ውሃ ሞልቼ የምደክመው ለእሱ ነው። ይህን ለእማዬ ሳነብላት ግን አቋረጠችኝና፣ የእህሉን ምራቂ እንዳይተው ጻፊለት፣ እፍኝ እህል ማንንም አልጎዳም አለች። ጻፍኩልህ።

ለአባባ ጉልበቱን እየሳምኩ ሰላም በልልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ሳትዘል አንብብለት፣ እኔን ልትጠይቅ የሄደች እያስመሰልክ አታታልለው፣ እማዬ ያለችው ነው። ለባለቤትህ በእጄ ያለውን ሰላምታ ሁሉ፤ የላከችው ቅቤ ደርሶናል፣ እማዬ ቁልፍ አድርጋበታለች። ለትልቁ ልጅህ በርታ በለው፤ ለመንትዮቹ አንድ አንድ ጉንጭ ሳምልኝ፣ ለአንዷ እንዳታበልጥ። ለተሸካሚው ለጋሽ ብረቱ፣ ለቀኝም ለግራም ጎረቤት ሁሉ ሰላም ይድረስልኝ። ልብስ ሰፊዋም ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ የምትጮኸው አንተ መሆንህን ሰምታለች።

እዚህ ላይ ላብቃ። እማዬ ባልተላጠው ጎኗ ተኝታ ብዕሩን አስቀምጪና ተኚ እያለችኝ ነው፤ ነገ ቀደም ብለን እንውጣ፣ ወንበሩን ሰው እንዳይቀድመን።

የምትወድህ እህትህ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ አመሻሽ፣ የካቲት ዘጠኝ ቀን